እንጅባራ፦ ከኮርቻው በፊት

እንጅባራ የፈረስ አገር ናት። የአዊ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበርባታል። ያሸበረቀውን ፈረስ ያየ ልጅ «ልውጣበት!» ማለቱ አይቀርም። ወላጅም ሆኑ አያት፣ በበዓሉ ግርግር ልጁን ብድግ አድርገው ኮርቻ ላይ አያስቀምጡት። ረጋ ባለ ቀን ፈረሱና ልጁ አስቀድመው ይተዋወቁ።

ፈረስ ከኋላው በቀጥታ የሚመጣበትን አያይም፤ ሲደነግጥ ደግሞ ይራገጣል። ስለዚህ ልጁ ከባለፈረሱ ጋር፣ ድምፁን እያሰማ፣ በግራ ትከሻው በኩል ይቅረብ። መጀመሪያ አንገቱን በእጁ ይዳብሰው፤ ቀጥሎ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ በብሩሽ ይጥረግለት። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ አልወደደውምና ቆም ይበሉ። አንገቱን ዝቅ፣ የታች ከንፈሩን ለቀቅ ካደረገ ተረጋግቷል።

ሲጠርጉ ጀርባውንም ይዩ፤ ኮርቻ የሚያርፍበት ቦታ ከቆሰለ ግልቢያው ይቅር። ያመመው ፈረስ፣ የቱንም ያህል ገራም ቢሆን፣ አይታመንም።

የመጀመሪያው ግልቢያ ሩጫ የለበትም፤ የራስ ቁር አድርጎ፣ ባለፈረሱ ገመዱን ይዞለት፣ በሜዳማ ቦታ፣ በእርምጃ፣ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ሳይሰለች፣ ፈረሱም ሳይደክም ይውረድ። በማግስቱ ሲመለስ ሁለቱም እንግዳ አይሆኑም።