የጆንያው ታች

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሽንኩርት ነው። አትሳቁብኝ፤ ጌታ ብዙ ስብከት ሰምቼ ያልተመለስኩበትን ነገር በሽንኩርት ገሥጾኛልና።

የምኖረው ዘንዘልማ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዓባይን ከተሻገራችሁ በኋላ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ያለበት አካባቢ ማለት ነው። ከጎረቤቶቼ ብዙዎቹ መሬታቸውን ለባሕር ዛፍና ለጫት ሰጥተዋል። እኔ ግን በአንዲት ቃዳ መሬት ላይ ከጉድጓድ በፓምፕ እየሳብኩ በበጋ ሽንኩርት አለማለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአካባቢያችን የገበሬዎች በዓል እንደሚደረግና አትክልት የምናመርት ሰዎች ምርታችንን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን እንደምንወዳደር ተነገረን። ዳኞቹ የሚያዩት የሽንኩርቱን መጠን፣ ቀለሙንና እኩልነቱን ነው ተባለ። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። በሕይወቴ አንድም ቀን ተጨብጭቦልኝ አያውቅም ነበር።

ሽንኩርት ዩሪያ የሚፈልገው በልጅነቱ ነው። ችግኙ ከመደብ ወደ ማሳ ከተዛወረ በኋላ አንድ ወር ተኩል ገደማ እስኪሆነው የሚገባውን ይሰጡታል፤ ከዚያ በኋላ ማዳበሪያው ይበቃዋል። ሊደርስ ሲል ደግሞ ውኃው ይቋረጣል። ያን ጊዜ ቅጠሉ ይተኛል፣ አንገቱም ይቀጥናል። ከተነቀለ በኋላ ጥላ ሥር ሰንብቶ አንገቱ በደንብ ሲደርቅ በሩ ተዘጋ ማለት ነው፤ ብስባሽ በቀላሉ አይገባበትም።

እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ነገር ግን ሦስት መደብ ለየሁና ጊዜው ካለፈ በኋላ ዩሪያ ጨመርኩባቸው። የሌላውን ማሳ ውኃ ስዘጋ የእነርሱን አልዘጋሁም። አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ አይቀመጥም፤ አንገቱን አይተኸዋል?» አለኝ። «ለበዓሉ ብቻ ነው» አልኩት። ሽንኩርቱ ግን ተነፋ! እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም ነበር።

የበዓሉ ዋዜማ ከሦስቱ መደቦች አንድ ዓይነት የሆኑትን ሃያ ራስ መረጥኩ። የቆሸሸውን የላይ ልጣጭ ገፈፍኩ፣ በጨርቅ ወለወልኩ፣ ወፍራሙን አንገት አሳጥሬ ቆርጬ በክር አሰርኩት። ዳኞቹ አንገቱን ፈትተው አላዩም። የምስክር ወረቀትና የጀርባ መድኃኒት መርጫ ተሸለምኩ፣ ፎቶም ተነሣሁ። እሑድ በአጥቢያችን ተነሥቼ መሰከርኩ። «እግዚአብሔር ድካሜን አየ» አልኩ። ጉባኤው «አሜን!» አለ፤ እልልታውም ደመቀ።

ከበዓሉ ማግስት ጉሊት የምትሸጥ አንዲት እናት ወደ ማሳዬ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አይታ ኖሮ፣ «ልጄ፣ የቀረውም እንደዚያው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ከዚያው ማሳ ነው፣ እትዬ» አልኳት።

ቃሉ እውነት ነበር። መልሱ ግን ውሸት ነበር። በዕቁብ ገንዘቧ አራት ኩንታል ገዛችኝ፤ የሸጥኩላትም የሦስቱን መደብ ሽንኩርት ነበር። ቶሎ መሸጥ እንዳለበት አልነገርኳትም። እርሷ ግን ዋጋ እስኪጨምር አስቀምጣ ቀስ እያለች ልትቸረችረው አስባ ኖሯል።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሽንኩርቱ ከአንገቱ ጀምሮ ይፈስስ ጀመር። ወሬው በሰው በኩል ደረሰኝ። እኔም መንገዴን ቀየርኩ፤ የእርሷን ጉሊት ላለማየት ዞሬ እሄድ ነበር። ለራሴም፣ «ንግድ ነው፤ ያላወቀችበት ራሷ ናት» እል ነበር።

አንድ ማታ ባለቤቴ ወጥ ልትሠራ ሽንኩርት እያነሣች፣ «ለእኛ ቤት ያስቀመጥከው ለምን ከተሸለመው አይደለም?» አለችኝ። ክፋት አስባ አልነበረም፤ እንዲሁ ጠየቀች። እኔ ግን አፌ ተያዘ። ለቤቴ ያስቀመጥኩት ውኃው በጊዜው የተቋረጠለትን፣ ትንሹንና አንገተ ቀጭኑን ነበርና። ልጆቼን የማላበላውን ለሰው ልጆች ሸጬ ነበር። አለማወቅ የሚባል መደበቂያ አልቀረልኝም።

በዚያው ሳምንት በቤት ኅብረታችን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ላይ ደረስን። የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ሁልጊዜም የምረዳው ስለ ገንዘብ መሰሰት የተጻፈ አድርጌ ነበር። ያን ማታ ግን ሌላ ነገር አየሁ። መሬቱ የራሳቸው ነበር፤ ከዋጋው ቢያስቀሩ ማንም አያስገድዳቸውም ነበር። የጠፉት ከፊሉን አቅርበው ሁሉ ነው በማለታቸው ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ አይደለምን? ሃያ ራስ ሽንኩርት አቅርቤ ማሳዬ ይህ ነው አልኩ። እሑድ ደግሞ በአንድ ምስክርነት ሕይወቴ ይህ ነው አልኩ።

በኋላ በስልኬ የውጭ አገር ውድድሮችን አየሁ። በእንግሊዝ አገር በሃሮጌት ትርኢት እ.ኤ.አ. በ2023 የቀረበ አንድ ሽንኩርት ወደ 9 ኪሎ ይመዝን ነበር። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ የተመዘነ ዱባ ደግሞ 1,247 ኪሎ ሆነ። እኔን የገረመኝ ግን ክብደቱ አይደለም። በዱባው ውድድር ዳኞቹ ገልብጠው ሥሩን ጭምር ይፈትሹታል፤ እስከ ውስጠኛው ባዶ ክፍል የሚዘልቅ ቀዳዳ ከተገኘበት የቱንም ያህል ቢከብድ ሽልማት የለውም። ሰው እንኳ ዱባን እንዲህ ከመረመረ፣ ሳሙኤልን በእሴይ ቤት ከመልክና ከቁመት ያስመለሰው አምላክ እኔን እንዴት አይመረምረኝ?

ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። መርጫውን ሸጥኩት፣ አልበቃም። ለልጆች ደብተርና ልብስ ያስቀመጥነውን ጨመርንበት። ወደ ጉሊቷ ስሄድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እትዬ፣ እንደማይቀመጥ እያወቅሁ ነው የሸጥኩልሽ» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ቆይታም፣ «እኔን ያቃጠለኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ ልጄ። የዕቁቡ ሰዎች አባካኝ ናት ብለው ስሜን አነሡት» አለችኝ። ገንዘቡን መለስኩ፤ ስሟን ግን እንዴት እመልሳለሁ? የዕቁቡ ዳኛ ዘንድ አብሬያት ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። እሑድም እዚያው ቆሜ የመሰከርኩበት ቦታ ቆምኩና የፊተኛውን ምስክርነቴን አረምኩ። ያን ቀን እልልታ አልነበረም። አንድ አረጋዊ ብቻ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝና ጸለዩልኝ።

ወገኖቼ፣ ታሪኩ በዕርቅና በመተቃቀፍ ተፈጸመ ብዬ ባሳምረው ያው ሽንኩርት መወልወል ይሆንብኛል። ያች እናት ዛሬም ከእኔ ትገዛለች። ነገር ግን በመጣች ቁጥር ጆንያውን ገልብጣ ከታች ያለውን ታያለች። መጀመሪያ ያመኝ ነበር። አሁን ግን ገና ስትመጣ እኔው ራሴ እገለብጥላታለሁ።

ጌታንም እንዲሁ ልለው እየተማርኩ ነው። በአገልግሎታችን፣ በመዝሙራችን፣ በምስክርነታችን ከላይ የደረደርነውን ሰው ያያል፣ ያጨበጭባልም። አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ ከጆንያው ታች ያለው ምንድን ነው? እርሱ ገልብጦ የሚያየን ሊያሳፍረን ሳይሆን የሚበሰብሰውን ከእኛ ሊለይልን ነው። ምናልባት ዛሬ መንገድ የቀየርክበት አንድ ጉሊት ይኖር ይሆናል። ወደዚያ መመለስ ያስፈራል፤ ግን የሚመልሰን ጸጋ አለ።

አባት ሆይ፣ ከላይ ያለውን ስንወለውል የኖርነውን ይቅር በለን። ከታች ያለውንም በልጅህ ደም አንጻልን። የበደልናቸውን ሰዎች ደጅ የምናንኳኳበት ድፍረት ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።