በደካማው እርምጃ

የጎብዬን የግንቦት ሙቀት ላልቀመሰ ሰው ስለ አሸንጌ ብርድ ማውራት ያስቸግራል። ማሽላው ተዘርቶ ዝናብ ሲጠበቅ፣ በስተምሥራቅ ያለው የዞብል ተራራ በአቧራ ሲጋረድ፣ ከብቱም ሰዉም በአንድ ግራር ጥላ ሲሻማ፣ ትልልቆቹ «እላይ» ስለሚሉት አገር ያወሩልን ነበር። እላይ ማለት ሮቢትን፣ ቆቦን፣ ዋጃንና አላማጣን አልፎ፣ የግራካሱን ተራራ ወጥቶ፣ ከኮረም ወዲያ ያለው ደጋ ነው። እዚያ አሸንጌ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ዙሪያው ለምለም ነው፤ ማታ ማታ ሰው በጋቢ ላይ በርኖስ ይደርባል ይሉናል። ሙቀቱን ሸሽተን ደጅ አንጥፈን ለምንተኛ ልጆች ልብስ መደራረብ ተረት ነበር።

ያኔ ሐይቅ ለማየት ብሎ ወደዚያ የሚወጣ አልነበረም። ማሽላ ጭኖ ወጥቶ ገብስና ባቄላ ይዞ ሊወርድ፣ ዘመድ ሊጠይቅ፣ ለቅሶ ሊደርስ፣ አለዚያም ወባ ደጋግማ የጣለችውን ልጅ ደጋ አውጥቶ ነፍስ ሊያስዘራ ነው። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሸንጌ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በመካከል ያለው ሽቅብ ለወባ ትንኝ ይከብዳታል፤ ለሰው ጉልበትም እንዲሁ።

የጭነት መኪና ከተገኘ እስከ አላማጣ በእሱ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ጉዞው የጎረምሳ ብቻ አልነበረም። አያቴ ነበሩ፤ የታዘለ ሕፃን ነበረ፤ ከሕመም ያልጠና ሰው በበቅሎ ነበረ፤ በአህያ የተጫነ ስልቻ ነበረ። ጎረምሶቹ አቋራጩን ካልያዝን ይላሉ። ጣሊያን ያወጣው የመኪና መንገድ ግራካሱን እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው፤ አቋራጩ ግን ጠመዝማዛውን እየቆረጠ በገደሉ ቀጥ ይላል። አያቴ አይሰሟቸውም።

«መንገድ ቢረዝም አይገድልም፤ የሚገድል አቀበት ነው» ይሉና የመኪናውን መንገድ ይይዛሉ። ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይሄዳል። ሕጉ ያልተጻፈ ነበር፤ ከፊት የሚሄደው ደካማው ነው። ፈጣኑ ከኋላ ሆኖ አህያ ይነዳል፣ ወደኋላ የሚቀር ሲኖር ያዝላል። እኛ ልጆቹ እሾህ ወጋን፣ ውሃ ጠማን እያልን በየመታጠፊያው ስንቀመጥ ቆመው ይጠብቁናል፤ በሶ ይበጠበጥልናል፤ እንደገና ይነሣል። የተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድበትን የተፈጥሮ መንገድ የሚነድፉ የዛሬ መሐንዲሶች በ100 ሜትር ውስጥ ከ5 ሜትር በላይ ሽቅብ እንዳይኖር ይጠነቀቃሉ። አያቴ ሜትሩን አያውቁትም፤ ሐሳቡን ግን በጉልበታቸው ያውቁት ነበር።

ያ ዘመን ለሁሉም የተመቸ ነበር ማለት ግን አይደለም። በቅሎ ያለው ቤተሰብ ሽባውን ያወጣል፤ በቅሎ የሌለው ቤት ያስቀምጠዋል። ዓይነ ስውሩ መሪ ልጅ ካላገኘ ከደጃፉ አይርቅም። እናቶቻችን ሕፃን አዝለው፣ በላዩ ሌላ ሸክም ጨምረው የወጡትን አቀበት «የእግር ጉዞ» ብሎ ማቆለማመጥ የሚቻለው ሸክሙን ያልሞከረው ሰው ብቻ ነው።

ኮረም ሲታለፍ ሐይቁ በአንድ ጊዜ ወለል ይላል። አሸንጌ መውጫ የለውም፤ ከዙሪያ ተራሮች የወረደው ውሃ እዚያው ተኝቶ ፀሐይ እስኪወስደው ይቆያል። ስለዚህም በዝናብ ይሰፋል፣ በበጋ ያፈገፍጋል፤ ባፈገፈገበት ሰፊ መስክ ላይ ከብት ይሰማራል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሰሜኑን የዓለም ክፍል ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች ውሃውን ይሞሉታል። እኛ ልጆቹ ውሃ አየን ብለን እንሮጣለን፤ ትልልቆቹ ግን ዝም የሚሉበት ምክንያት ነበራቸው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ከሆነ በኋላ ወደ ደቡብ ያፈገፈገው የኢትዮጵያ ሠራዊት መጠለያ በሌለበት በዚህ የሐይቅ ዳር ሜዳ ሲያልፍ ከአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወርዶበታል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት ሰኔ ጄኔቭ ቀርበው ወንዙ፣ ሐይቁና የግጦሽ መሬቱ ሳይቀር በመርዝ መነከሩን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ተናግረዋል። ለሚሸሽ ሰው መከራ የሆነው ሜዳነቱ ነበር።

አሁን መንገዱ ሌላ ነው። ከጎብዬ ተነሥቶ በመኪና እላይ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በዚህ መንገድ መንገደኛ ያልሄደባቸውን ወራት እዚህ የሚኖር ሁሉ ያስታውሳል፤ ስለዚህ ሚኒባስ ግራካሱን ሲያቃስት መስማት ራሱ ምስጋና ነው። ሚኒባሱ ሐይቁ የሚታይበት ላይ ይቆማል። ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ቁልቁል ይሮጣሉ። አንዱ ዞር ብሎ፣ «እማማ፣ እርስዎ እዚሁ ይቆዩ፤ ፎቶ እናሳይዎታለን» ይላል። እማማ በመስኮት ያያሉ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም አክባሪ ነው። ግን የጉዞው ሕግ ተገልብጧል፤ ያኔ ፈጣኑ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን የሚጠብቀው ደካማው ነው፣ ያውም መኪና ውስጥ ተቀምጦ።

በእግር መሄድ ክብር ያገኘው ደግሞ መሄድ ከቀረ በኋላ ነው። በእኛው በሰሜን ወሎ፣ መቄት ላይ፣ ተስፋ የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር የእንግዳውን ሻንጣ አህያ ይሸከም፣ እንግዳው ባዶ እጁን በገደሉ አፋፍ እየሄደ ያይ፣ ሲመሽ ገበሬው በሠራው ጎጆ ያድር ነበር። ገንዘቡ ለመንደሩ ይገባ ነበር፤ ጥሩ ሥራ ነው። እናቶቻችን በዚያ ዓይነት አፋፍ ላይ ሲሄዱ አህያው ነበረ፤ የጎደለው ሸክማቸውን ወስዶ «ደህና ገባችሁ» የሚላቸው ነበር።

ወንጪም አለ። የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ወደተኛው ሐይቅ ቁልቁል ለመውረድ መራመድ ለማይችል የአካባቢው ሰው ፈረስ ያከራያል፤ ከዚያ ጀልባ አለ፤ ደሴቲቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ገብቶ መንገድና ማረፊያ ተሠራለት፤ በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ጋር ቈጠረው። ከሁሉም የሚሻለው ፈረሱ ነው እላለሁ፤ ፕሮጀክቱ ሳይመጣ ገበሬው «መራመድ ያልቻለውስ?» የሚለውን ጥያቄ ጠይቆ መልሶታልና።

ሌላ አገር ደግሞ ለደካማው መንገድ ማበጀትን አያካብዱትም። ስሎቬኒያ ውስጥ ብሌድ የሚባል በተራሮች የተከበበ ሐይቅ አለ፤ ዙሪያውን 6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሜዳማ መንገድ ይዞረዋል። የሕፃን ጋሪ የሚገፋውም፣ በከዘራ የሚሄደውም፣ ሯጩም እዚያው ላይ ይተላለፋሉ። ተራራ መውጣት ያማረው ከላይ ሌላ መንገድ አለው። ቀላሉን መንገድ ቀላል ያደረገው የሐይቁ ውበት ማነስ አይደለም፤ ሰዎቹ አስቀድመው ደካማውን ማሰባቸው ነው።

እኛም ሕጉ አላነሰንም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላለች፤ አንቀጽ 30 መዝናናትና ስፖርትንም መብት አድርጎ ይቈጥራል። ስለ አካል ጉዳተኛ ስናወራ ግን ሐሳባችን የባንክ ቤት ደረጃ ላይ ይቀራል። እግሩ የማይታዘዘው ሰው ዳክዬ ማየት ያምረዋል ብለን ብዙም አናስብም።

አሸንጌ ለዚህ የተፈጠረ ነው። የሚከብደው አቀበት በአስፋልቱ ተሸፍኗል፤ ቆላ ያለችው አሮጊት ሳትራመድ 2,400 ሜትር ላይ ትደርሳለች። ቀሪው ሜዳ ነው። ሐይቁን ሁሉ መዞር አያስፈልግም፤ ውሃው በክረምት ከሚደርስበት ራቅ ብሎ ጎማ የማይውጥ፣ ከዘራ የማያንሸራትት፣ በደንብ የተጠቀጠቀ ጥቂት ርቀት፣ በየመሃሉ መቀመጫና ጥላ፣ አንድ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ይበቃል። አጥር ግን አይምጣብን፤ መስኩ የከብቶቹና የባለከብቶቹ ነው፤ ቱሪስት መጣ ተብሎ እረኛ ከተባረረ ደካማውን አስገብተን ድኻውን አስወጣን ማለት ነው። ሥራው የሚለካውም በጎረምሳ እግር አይሁን፤ ከመጠናቀቁ በፊት አንዲት አሮጊት፣ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰውና ሕፃን ያዘለች እናት ሄደውበት ይፍረዱ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል አይጠፋም። ጣሊያን መድፍ ሊያወጣበት ሲፈልግ ግራካሱን ያህል ተራራ በመንገድ ተጠምጥሞ ነበር። ከአስፋልቱ እስከ ውሃው ያለችው ሜዳ ግን የሚፈልጋት መድፍ ስላልነበረ፣ የሚፈልጓት አሮጊቶች ብቻ ስለሆኑ፣ ይኸው እስካሁን ተራዋን ትጠብቃለች።