የትራኪ የበረዶ ወራትና መኪና የማቆም ሕግ

ቋንቋችን በነሐሴ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድበውንም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ በሰሜን አገሮች እንደ ተባዘተ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውንም በአንድነት «በረዶ» ይለዋል። አመዳይ የሚባል ቃል ቢኖርም አብዛኛውን ጊዜ የምናውለው ለማለዳው ውርጭ ነው። ስለዚህ አንዲት እናት፣ ባሕር ማዶ ያለች ልጇ ስልክ ደውላ «በረዶ መንገድ ዘጋብን፤ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣንም» ብትላት ነገሩ ቶሎ አይገባትም። እኛ የምናውቀው በረዶ ጓሮውን ለሩብ ሰዓት ነጭ አድርጎ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል ውሃ ሆኖ የሚሄድ ነው። ሳይቀልጥ ወራት የሚቆይ፣ በላዩ ላይ ሌላ የሚጨመርበት፣ በመጨረሻም ከቤቱ መስኮት የሚበልጥ በረዶ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚያስከትል ለመረዳት ወደ ትራኪ መሄድ ይጠቅማል።

ትራኪ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሴራ ኔቫዳ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ የምትገኝ፣ ከ16 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ያሏት ከተማ ናት። ታዋቂው የታሆ ሐይቅ ከእርሷ በስተደቡብ ቅርብ ነው። ከፍታዋ 1,770 ሜትር ያህል ስለሆነ ከአዲስ አበባ እጅግ ዝቅ ትላለች። ይህን የሰማ ሰው ብርዱ ከየት መጣ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ትራኪ ከምድር ወገብ ርቃ በሰሜን የምትገኝ ከመሆኗም በላይ፣ ከፓስፊክ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ እነዚህን ተራሮች ሲወጣ ቀዝቅዞ ሸክሙን የሚያራግፈው እዚህ ነው። ሴራ ኔቫዳ የሚለው ስም ራሱ በእስፓኝ ቋንቋ በረዶ የለበሰ ተራራ ማለት ነው። ክረምት የሚሉት ወቅትም የእኛን በጋ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከከተማዋ በላይ ባለው የዶነር መተላለፊያ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በረዶ የሚለካ የምርምር ጣቢያ አለ። ጣቢያው ከ2022 እስከ 2023 በነበረው የቅዝቃዜ ወቅት የወረደውን በረዶ ደምሮ ከ19 ሜትር በላይ አግኝቷል። ከዚያ የሚበልጥ የተመዘገበው ከ1951 እስከ 1952 በነበረው ወቅት ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ፣ በጃኑዋሪ 1952፣ 226 መንገደኞችና ሠራተኞች የያዘ ባቡር በተራራው ላይ በበረዶ ተይዞ ሰዎቹ ሦስት ቀን ያህል ታግተው ቆይተዋል። ሰዎቹ የዳኑት በአቅራቢያው ያለው የመኪና መንገድ ተጠርጎ፣ በእግራቸው እስከዚያ ደርሰው በመኪና ስለተወሰዱ ነው።

መተላለፊያው ስሙን ያገኘው ከዚህ እጅግ ከከፋ መከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ከምሥራቅ በበሬ ጋሪ ተጉዘው ወደ ካሊፎርኒያ ለመሻገር የሞከሩ ከ80 በላይ ስደተኞች፣ በኖቬምበር መጀመሪያ በረዶ ቀድሟቸው ዛሬ ትራኪ ባለችበት ቦታ አጠገብ ተከለከሉ። እርዳታ እስኪደርስ ድረስ በሬዎቻቸውን፣ ቆዳውን፣ በመጨረሻም አፍ ሞልቶ የማይነገረውን በልተው ከረሙ። ግማሽ ያህሉ አለቁ። ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏል፤ ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች ግን አንድ ነገር ልዩ ትኩረት ይሻል። ከወንዶቹ ከግማሽ በላይ ሲሞቱ ከሴቶቹ አብዛኞቹ ተርፈዋል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ የሴት ሰውነት በአነስተኛ ምግብ መቆየት መቻሉን፣ ወንዶቹ ቀድሞ በከባድ ጉልበት ሥራ መድከማቸውን፣ በተለይም ብቻቸውን ከመጡት ይልቅ ከቤተሰብ ጋር የነበሩት የተሻለ መትረፋቸውን ይጠቅሳሉ። ማርጋሬት ሪድ የተባለችው እናትና አራቱም ልጆቿ በሕይወት ተርፈዋል። የስምንት ዓመቷ ልጇ ፓቲ ዕቃ ሁሉ ሲጣል ደብቃ ያቆየቻት ትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት እስከ ዛሬ ተጠብቃ ትገኛለች። በቦታው የቆመው ሐውልት መሠረቱ 6.7 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ የዚያን ጊዜ በረዶ እዚያ ድረስ ደርሶ እንደነበር ለማሳየት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ዛሬ ያንኑ ተራራ ሰፊው አውራ ጎዳና ያቋርጠዋል። ማዕበል ሲኖር ይዘጋል፤ የመኪና ጎማ ላይ ሰንሰለት እንዲታሰር ይታዘዛል፤ ከዚያ ደግሞ ይከፈታል። የተራራውም ሆነ የበረዶው ጠባይ አልተለወጠም። የተለወጠው በረዶ ጠራጊ መኪና መኖሩ ነው። ነገር ግን ሰው የሚኖረው አውራ ጎዳና ላይ አይደለም። ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው፣ ሽማግሌ መድኃኒት የሚመጣለት፣ ነፍሰ ጡር አምቡላንስ የምትጠብቀው በሠፈር ውስጥ ባለች ጠባብ ዳገት ላይ ነው። የመኪና ማቆም ሕጉ የሚመለከተው ይህችን ዳገት ነው።

በዚህ ተራራማ አካባቢ ባሉ ብዙ ሠፈሮች ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ፣ ማለትም በእኛ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ሚያዝያ፣ መኪና መንገድ ዳር ማቆም የተከለከለ ወይም በጥብቅ የተወሰነ ነው። ዝርዝሩ ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ይለያያል። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግም የአካባቢ አስተዳደሮች በረዶ በሚጥልባቸው ቦታዎች ምልክት ተክለው እንዲከለክሉ ይፈቅዳል። ሕጉን የጣሰ መቀጫ ይከፍላል፤ መኪናውም ተጎትቶ ሊወሰድ ይችላል። እንግዳ ሰው፣ በተለይም ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ በወጣበት ቀን መቀጫ ሲለጠፍበት፣ የቢሮክራሲ ክፋት ይመስለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠራጊው መኪና ከፊቱ እንደ መንገድ ሥራ ግሬደር ያለ ሰፊ ምላጭ አለው። በረዶውን እየገፋ ወደ ዳር ያከማቻል። በመንገዱ ዳር አንዲት መኪና ቆማ ቢያገኝ ዞሮ ያልፋታል፤ በዙሪያዋም ያልተጠረገ ጉብታ ይተዋል። ያ ጉብታ ሌሊቱን ይረጋና ድንጋይ ይሆናል። በማግሥቱ መኪናዋ ብትነሣም ምላጩ ሊቆርጠው ስለማይችል እንደገና ዞሮ ያልፋል። ስለዚህ በወቅቱ መጀመሪያ፣ ገና በረዶው ሲቀል፣ ዳርና ዳሩን እስከ ጠርዝ ድረስ ገፍቶ ቦታ ማስፋት ግድ ነው። አለዚያ እያንዳንዱ ማዕበል መንገዱን ጥቂት ያጠብበዋል፤ በጃኑዋሪ ሁለት መኪና ያሳልፍ የነበረው አንድ ብቻ ያሳልፋል፤ በፌብሩዋሪ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪናው አያልፍም። ፀሐይ በወጣበት ቀንም ጠራጊዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ያለፈውን ክምር እየቆረጡ ለሚቀጥለው ቦታ የሚያዘጋጁት ያን ጊዜ ነውና።

በሠፈሩ የመንገድ ዳር ሁሉ ረጃጅም ምሰሶዎች ተተክለው ይታያሉ። አንዳንዶቹ የመንገዱን ጠርዝ ለጠራጊው ሾፌር የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ደግሞ ከሥራቸው የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ቧንቧ መቀበሩን ይናገራሉ። ነዋሪዎች በቤታቸው አጠገብ ያለውን ቧንቧ ከበረዶ ቆፍረው እንዲያወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በየዓመቱ ይለምናሉ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ አንዲት ባልቴት በአካፋ ሲቆፍሩ አግኝተን፣ «እማማ፣ ይህ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ ቀና ብለው ከኋላቸው ያለውን የእንጨት ቤት በአገጫቸው አሳዩን። «ቧንቧው የመንግሥት ነው። ቤቱ ግን የእኔ ነው» አሉና ቁፋሯቸውን ቀጠሉ።

እኚህ ሴት ያማረሩት በቧንቧው ሳይሆን በሌላ ነገር ነበር። ጠራጊው መንገዱን አጽድቶ ሲያልፍ ከምላጩ ጠርዝ የሚወጣው በረዶ በየቤቱ የግቢ መግቢያ ላይ ግድግዳ ሠርቶ ይቀራል። ይህ አዲስ የወረደ ለስላሳ በረዶ ሳይሆን የተጠቀጠቀና ውሃ ያዘለ ነው። ስፋቱ አምስት ሜትር፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት ቢሆን ክብደቱ እስከ አሥር ኩንታል ይደርሳል። በአካፋ የሚነሣው በሰው ወገብ ነው። ባል በሌሊት ለሥራ ከወጣ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ይህን አሥር ኩንታል የምታነሣው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም። መልሶ መንገድ ላይ መጣል ደግሞ ክልክል ነው፤ የጎረቤትን መንገድ ይዘጋልና።

ስለ ልጆች ደግሞ ይህን ማንሣት ተገቢ ነው። በመንገድ ዳር የተከመረ ትልቅ በረዶ ለሕፃናት የማይገኝ መጫወቻ ነው፤ ዋሻ ይቆፍሩበታል፤ ምሽግ ይሠሩበታል። በረዶ እየዋጠ ወደ ሩቅ የሚተፋው ጠራጊ ሲመጣ ግን ሾፌሩ በክምሩ ውስጥ ያለውን ሕፃን ሊያይ አይችልም። የአካባቢው እናቶች ልጆቻቸው ከመንገዱ ርቀው፣ በግቢው ውስጥ ብቻ እንዲጫወቱ አጥብቀው ያዛሉ። ሌላው የታወቀ አደጋ በበረዶ የተቀበረ መኪና ነው። ልጆቹን ለማሞቅ ተብሎ ሞተሩ ሲነሣ፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ በበረዶ ተደፍኖ ከሆነ ሽታ የሌለው መርዛም አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ቱቦው ሳይጠረግ ማንም መኪና ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

መንገድ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያው በካሊፎርኒያ ታይቷል። ቦታው ግን ትራኪ ሳይሆን በደቡብ ያሉት የሳን በርናርዲኖ ተራሮች ናቸው። በፌብሩዋሪ መጨረሻ በአንዳንድ ሠፈሮች ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ በረዶ ወረደ። እዚያ ያሉት ጠራጊዎች ለዚህ መጠን የተዘጋጁ አልነበሩም፤ ጠባቦቹ የሠፈር መንገዶችም በተቀበሩ መኪናዎችና በወደቁ ዛፎች ተዘግተው ነበር። ሎደርና ገልባጭ መኪና አምጥቶ በረዶውን እየጫኑ ማውጣት ግድ ሆነ። ብዙ ቤተሰብ ከሳምንት በላይ ከቤቱ መውጣት አልቻለም። ክሬስትላይን በተባለችው ከተማ የምግብ መደብሩ ጣሪያ በክብደት ወደቀ። የግዛቱ አስተዳዳሪ ማርች 1 ቀን በ13 አውራጃዎች የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። መድኃኒታቸው ያለቀባቸው አረጋውያንና የሕፃናት ወተት ያጡ እናቶች ጉዳይ ያን ሰሞን የዜና ማሰራጫዎችን ያጨናነቀ ነበር።

እንግዲህ ሕጉ ትክክል ነው እንላለን። ሆኖም ሸክሙ በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ሰፊ ግቢና የመኪና ቤት ያለው ሰው ሕጉን ለማክበር ምንም አይጎድልበትም። በታሆ ሐይቅ ዳር ባለችው ኪንግስ ቢች ግን በሆቴልና በበረዶ መንሸራተቻ ቦታዎች የሚሠሩ፣ አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች በጠባብ የኪራይ ቤት ተጋርተው ይኖራሉ። በአንድ ቤት ሦስት አራት ሠራተኛ፣ ለእያንዳንዱም አንድ አሮጌ መኪና ሊኖር ይችላል፤ ግቢው የሚይዘው ግን አንድ ወይም ሁለት ነው። ሌሊት የሆቴል አንሶላ ስታጥብ ያደረች ሴት ጧት ስትመለስ የምታቆምበት ካጣች መቀጫው ከደመወዟ ይቀነሳል። ስለዚህ የሚከለክለው አካል በአቅራቢያው የተጠረገ የጋራ ማቆሚያ ቦታ ማዘጋጀት፣ አከራዩም ለስንት መኪና ቦታ እንዳለው አስቀድሞ የመናገር ግዴታ ሊኖርበት ይገባል ብለን እናምናለን።

ቅደም ተከተሉም ቢሆን የሚያከራክር ነው። በብዙ አገር መጀመሪያ የሚጠረገው ዋናው የመኪና መንገድ፣ መጨረሻ የሚጠረገው የእግረኛ መንገድ ነው። በስዊድን አገር ካርልስኩጋ የምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ይህን ገለበጠችው። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ በእግር እንደሚሄዱና ልጆችን እንደሚያደርሱ፣ በበረዶ አንሸራትቶት የሚሰበረውም ባለመኪና ሳይሆን በአብዛኛው እግረኛ እንደሆነ ተመልክታ፣ ወደ መዋዕለ ሕፃናት የሚያደርሱ የእግርና የብስክሌት መንገዶች ቀድመው እንዲጠረጉ አደረገች። በ2016 ስቶክሆልም ተመሳሳይ አሠራር ይዛ ሳለ ድንገተኛ ከባድ በረዶ አውቶቡሶቿን ሲያቆምባት ብዙ ተሳልቆባታል። ቢሆንም ሐሳቡ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም፤ ሰባት ሳንቲ ሜትር በረዶ ላይ የልጅ ጋሪ የገፋች ሁሉ ታውቀዋለች።

በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜና በሳክራሜንቶ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን በረዶ ለማሳየት በገና ሰሞን ወደ እነዚህ ተራሮች ይወጣሉ። ቤት ከመከራየት በፊት መጠየቅ የሚገባው ስለ አልጋው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ግቢው ስንት መኪና እንደሚይዝ፣ መግቢያውን ማን እንደሚጠርግ መጠየቅ ያሻል። ሁለት ቤተሰብ በአንድ መኪና መሄድ ከቻለ እጅግ ይሻላል። የጎማ ሰንሰለት፣ አካፋ፣ ብርድ ልብስ፣ ውሃና ደረቅ ስንቅ በመኪናው ውስጥ ይኑር፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለዚህ የሚስተካከላቸው የለም። ከእራት በኋላ ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶ ቢታይም መኪናው ከመንገድ ተነሥቶ ግቢ ይደር። ጠራጊው የሚመጣው ሳይነጋ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ገደማ ነው።