በታጁራ ያገኘናቸው እናት

ስንቃችንን በጀርባችን ተሸክመን ከጅቡቲ በባሕር ተሻግረን ታጁራ ደረስን። ይህች ከተማ ወደ ሸዋ የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ መነሻ ነበረች፤ በ1878 ዓ. ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚያመጣውን ጠመንጃ ይዞ ብዙ ወራት ቆይቶባታል።

በባሕሩ ዳር ጸጥ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንዲት የአፋር ባልቴት፥ ስማችንንም ሳይጠይቁ ዋጋውንም ሳያነሡ አስቀድመው ውሃ አቀረቡልን። በሌሊት ከመካከላችን አንዱ በሙቀቱ ደክሞ ቢታመም፥ እስኪነጋ ድረስ በሰሌን ማራገቢያ እያራገቡ ካጠገቡ አልተለዩም። በማግሥቱ በኪራዩ ላይ ጨምረን ብንሰጣቸው፥ በሚያውቁት ጥቂት አማርኛ «ልጆቼ፥ ኪራዩ የቤቱ ነው፤ ሌሊቱ ግን የእናት ነውና አይሸጥም» ብለው መለሱልን።

እንግዳ መቀበል በአዳራሽ ስፋትና በምንጣፍ ጌጥ አይለካም። በእንግዳ ማደሪያነት የሚተዳደር ቤት እንኳ የሚሸጠውንና የማይሸጠውን ከለየ፥ ከንግዱ ጋር ክብሩን ይጠብቃል።