ነገን የሚሸጡ ሰዎች

በየዓመቱ በሚያዝያ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ኳስ የማይነካበት፣ ነጥብ የማይቆጠርበት፣ ማንም ላብ የማያወጣበት ትልቅ የስፖርት ድግስ ይደገሳል። አንድ ሰው መድረክ ላይ ይወጣል፣ ከካርድ ላይ ስም ያነባል፣ ይወርዳል። ከዚያ ሌላ ስም ይጠበቃል። ነገሩ ይኸው ነው። በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዲትሮይት ከተማ ላይ ይህንን የስም ጥሪ ለማየት በሦስት ቀን ውስጥ ከ775 ሺህ በላይ ሰው ወጥቷል።

ዝግጅቱ ድራፍት ይባላል። ኤን ኤፍ ኤል የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ 32 ቡድኖች አሉት። ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ወጣት ተጫዋቾችን ቡድኖቹ በየተራ ይመርጣሉ። ባለፈው ውድድር መጨረሻ የወጣው ቀድሞ ይመርጣል፤ ዋንጫውን የወሰደው መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል። ሰባት ዙር አለው። በአውሮፓ እግር ኳስ ገንዘብ ያለው ክለብ ያማረውን ይገዛል፤ እዚህ ግን ደካማው እንዲያገግም ቅድሚያ ይሰጠዋል። ወጣቱም የሚሄድበትን አይመርጥም፤ ስሙን የጠራው ቡድን አሠሪው ይሆናል።

ከድግሱ ጎን ሌላ ገበያ አለ፤ የግምት ገበያ። ውድድሩ ገና ሳያልቅ "የትኛው ቡድን ማንን ይመርጣል?" የሚሉ ዝርዝሮች መውጣት ይጀምራሉ። ተንታኙ በጥር ያወጣውን በየካቲት ይሽረዋል፤ በመጋቢት የየካቲቱን ይሽራል። ኢኤስፒኤን የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ድራፍቱን በቀጥታ ማሳየት የጀመረው በ1980 ነው። ሜል ካይፐር የሚባለው ተንታኝ ደግሞ ከ1984 ጀምሮ በጣቢያው እየቀረበ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የነገን ስም በመተንበይ እንጀራውን በልቷል።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ግምት ስንቱ ይሰምራል? ሳይሰምር ሲቀርስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

▪️ ሁለት ጥያቄ በአንድ ድስት

ተንታኞች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ይቀቅላሉ። አንደኛው "ቡድኑ ማንን ይጠራል?" የሚል ነው። ሁለተኛው "የተጠራው ልጅ ይሳካለታል ወይ?" የሚል ነው። አንዱን ማወቅ ሌላውን ማወቅ አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በ32 ዝግ ክፍሎች ውስጥ የተቆለፈ ምስጢር ነው። እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ለመዋሸት በቂ ምክንያት አለው። የሚፈልገውን ልጅ በግልጽ የሚያወድስ ቡድን፣ ከፊቱ ያለው ተራ ገዝቶ ልጁን ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ የማይፈልገውን ያወድሳል፤ የሚፈልገውን ያጥላላል፤ ለጋዜጠኛ የሚሹለከለከውም ወሬ ብዙውን ጊዜ እንዲሹለከለክ ተብሎ የተለቀቀ ነው።

ምስጢሩ ቢገኝ እንኳ ሒሳቡ አይምርም። ምርጫው ሰንሰለት ነው፤ ሦስተኛው ቡድን ያልተጠበቀ ስም ከጠራ ከአራተኛው ጀምሮ ያለው ግምት ይናጋል። እያንዳንዱን ምርጫ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን የሚያገኝ ድንቅ ተንታኝ አለ እንበል። ይህ ሰው የመጀመሪያዎቹን አሥር ምርጫዎች በሙሉ ሳይሳሳት የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 35 ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ዙር 32 ምርጫዎች በሙሉ የማግኘት ዕድሉ ደግሞ ከመቶ ሦስት ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ተንታኝ ደግሞ የለም።

በዚያ ላይ ማንም ያላሰበው ነገር ይመጣል። በ2016 ላረሚ ተንሲል ከሁሉ ቀድመው ይጠራሉ ከተባሉት አንዱ ነበር። ድራፍቱ ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩት በራሱ የትዊተር ገጽ ላይ የጋዝ ጭምብል አጥልቆ ሲያጨስ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ቡድኖች ሸሹት፤ 13ኛ ሆኖ ማያሚ ወሰደው። የወራት ትንታኔ በአንድ ቪዲዮ ገደል ገባ። ተንሲል ግን በኋላ በቦታው ከሊጉ ምርጦች አንዱ ሆነ።

▪️ የሰው ነገር

ሁለተኛው ጥያቄ ይብሳል፤ የአንድን የ21 እና የ22 ዓመት ልጅ ነገ ማወቅን ይጠይቃልና።

የመጀመሪያው ድራፍት የተካሄደው በ1936 ፊላዴልፊያ ውስጥ ነው። በታሪክ የመጀመሪያ ሆኖ የተጠራው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጄይ በርዋንገር ነበር፤ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ ልጅ። በኤን ኤፍ ኤል አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በክፍያ ስላልተስማሙ ሌላ ሥራ ያዘ። ሥርዓቱ ገና በመጀመሪያ ስሙ ተሳሳተ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ቡድኖች ብዙ መሣሪያ አበጅተዋል። ወጣቶቹ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ይመዘናሉ፣ ይለካሉ፣ 40 ያርድ ይሮጣሉ፣ ሐኪም ያገላብጣቸዋል፣ በቃለ መጠይቅ ይፈተናሉ። በ2017 ጆን ሮስ 40 ያርዱን በ4.22 ሰከንድ ሮጦ የወቅቱን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሲንሲናቲም በ9ኛ ምርጫው ወሰደው። ፍጥነቱ እውነት ነበር፤ የተጠበቀው ውጤት ግን አልመጣም። በዚያው ድራፍት ፓትሪክ ማሆምስ 10ኛ ሆኖ ተጠራ። ቺካጎ ቤርስ ከማሆምስ በፊት ሌላ ኳርተርባክ፣ ሚቼል ትሩቢስኪን፣ ተራ ገዝቶ ጭምር በ2ኛ ምርጫው ወስዶ ነበር። ኳርተርባክ ማለት የቡድኑን ማጥቃት የሚመራው፣ ኳሱን የሚወረውረው ሰው ነው፤ እሱ ላይ መሳሳት ዓመታት ያስከፍላል።

ቶም ብሬዲን የማያነሳ የድራፍት ወሬ የለም። በ2000 የተጠራው 199ኛ ሆኖ ነው፤ ኋላ ሰባት ጊዜ ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ብዙ ሰው ይህን ሲያወራ የኒው ኢንግላንድን ብልህነት ያደንቃል። ነገር ግን ኒው ኢንግላንድም ራሱ በዚያ ድራፍት ከብሬዲ በፊት ስድስት ሌሎች ልጆችን ጠርቷል። ነገን አይቶ ቢሆን ኖሮ እስከ 199 ባልጠበቀ።

ይህን ጉዳይ በቁጥር የመረመሩት ኬድ ማሲ እና ሪቻርድ ታለር የተባሉ ምሁራን ናቸው፤ ታለር በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው። አንድ ተጫዋች በዚያው ቦታ ከእሱ ቀጥሎ ከተጠራው ተጫዋች የተሻለ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ስንት ነው ብለው ጠየቁ። መልሱ 52 በመቶ ገደማ ሆነ። ሳንቲም ወርውሮ ከመምረጥ ብዙም አይርቅም። ቡድኖቹ ግን "ይህኛው ነው!" ብለው አንድ ደረጃ ከፍ ለማለት የወደፊት ምርጫዎቻቸውን እንደ ዋዛ ይሰጣሉ።

ይህ ማለት ግምት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በጥቅሉ ሲታይ በመጀመሪያው ዙር የሚጠሩት በሰባተኛው ዙር ከሚጠሩት ይሻላሉ። ወንፊቱ ይሠራል። የማይሠራው "እኔ ይህንን አንዱን ልጅ አውቀዋለሁ" የሚለው ልበ ሙሉነት ነው።

▪️ የዋሽንግተን ሒሳብ

በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ታሪክ ከሥራ ባልደረቦቹ ሰምቶት ይሆናል። በ2012 የዋሽንግተን ቡድን ሮበርት ግሪፊን የተባለውን ኳርተርባክ ለማግኘት ቆረጠ። 6ኛ የነበረውን ተራ 2ኛ ለማድረግ፣ የዚያን ዓመት ሁለተኛ ዙር ምርጫውንና የ2013 እና የ2014 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን ጨምሮ ለሴንት ሉዊስ ራምስ ሰጠ። ለአንድ ልጅ ሲባል ሁለት የወደፊት ዓመታት ተያዙ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ልክ መሰለ። ግሪፊን በመጀመሪያ ዓመቱ የዓመቱ ምርጥ አጥቂ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ ቡድኑም ምድቡን አሸነፈ። በጥር 2013 ግን ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ የቀድሞውን ግሪፊን ማንም አላየውም።

የታሪኩ ጣዕም ያለው ሌላ ቦታ ነው። ያው ቡድን በዚያው ድራፍት በአራተኛው ዙር፣ 102ኛ ላይ፣ ከርክ ከዝንስ የሚባል ሌላ ኳርተርባክ ጠርቶ ነበር። ለመጠባበቂያ ተብሎ የተወሰደው ይህ ልጅ በ2015 ቦታውን ያዘ፤ በ2018 ወደ ሚኒሶታ ሲሄድ ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው የ84 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ዋሽንግተን ትክክለኛውን መልስ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር፤ ሀብቱን ያፈሰሰው ግን በሌላኛው ላይ ነው።

ራምስ ደግሞ ቀልዱን አልተወውም። በታኅሣሥ 2014 ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ፣ በዋሽንግተን ምርጫዎች ያገኛቸውን ተጫዋቾች አምበል አድርጎ ለሳንቲም መወርወሩ ሥነ ሥርዓት ወደ መሀል ሜዳ ላካቸው። ጨዋታው 24 ለ 0 አለቀ።

▪️ ዋጋውን ማን ይከፍላል?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ክልሎች የስፖርት ውርርድን እንዲፈቅዱ መንገዱን ከከፈተ ወዲህ ግምቱ ወሬ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ገንዘብ ይቆመርበታል። በ2023 ስሙ ያልታወቀ ሰው "ዊል ሌቪስ አንደኛ ሆኖ እንደሚጠራ ለቅርብ ሰዎቹ ነግሯል" ብሎ ኢንተርኔት ላይ ጻፈ። አንድ ጽሑፍ ብቻ። ሰው ተሯሯጠ፣ የአወራራጆቹ ዋጋ ተገለባበጠ። ድራፍቱ ደረሰ፤ አንደኛ የተጠራው ብራይስ ያንግ ሆነ። ሌቪስ በመጀመሪያው ምሽት በካሜራ ፊት ተቀምጦ 31 ስም ሲጠራ ሰማ፤ የእሱ አልነበረም። በማግስቱ 33ኛ ሆኖ ተጠራ።

በ2025 ደግሞ የሸደር ሳንደርስ ተራ ሆነ። የዝነኛው ዲዮን ሳንደርስ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ይጠራል ያሉ ብዙ ነበሩ፤ ካይፐርም ከዓመቱ ኳርተርባኮች ቀዳሚ አድርጎት ነበር። አንደኛው ዙር አለፈ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው አለፉ። በአምስተኛው ዙር 144ኛ ላይ ክሊቭላንድ ጠራው፤ ያውም ሌላ ኳርተርባክ አስቀድሞ ከወሰደ በኋላ። የአዲስ ተጫዋች ደሞዝ የሚወሰነው በተጠራበት ቁጥር ነው። አንደኛ የተጠራው ካም ዋርድ ለአራት ዓመት ወደ 49 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም፣ የሳንደርስ ውል ከ5 ሚሊዮን በታች ሆነ። በመሀል አንድ ወጣት የቡድን ኃላፊ መስሎ ደውሎ ቀለደበት፤ ስልክ ቁጥሩ የወጣው ከአትላንታ ፋልከንስ አሠልጣኝ ቤት በመሆኑ ሊጉ ቡድኑን 250 ሺህ፣ አሠልጣኙን 100 ሺህ ዶላር ቀጣ።

ለቀልዱ ቅጣት ተጣለ። "መጀመሪያው ዙር" እያሉ ልጁን ለወራት ሰቅለው የቆዩት ግን በሚቀጥለው ሳምንት የ2026ን ዝርዝር ይዘው ብቅ አሉ።

በ1994 ይህ ጥያቄ በቀጥታ ስርጭት ፈንድቶ ነበር። ኢንዲያናፖሊስ በ5ኛ ምርጫው ኳርተርባኩን ትሬንት ዲልፈርን ትቶ ተከላካዩን ትሬቭ አልበርትስን ሲወስድ ካይፐር ቡድኑን አብጠለጠለ። የቡድኑ ኃላፊ ቢል ቶቢን በንዴት "ለመሆኑ ይሄ ሰው ማን ነው?" የሚል መልስ ሰጠ። ማን ልክ ነበር? አልበርትስ በጉዳት ሦስት ዓመት ተጫውቶ አቆመ። ዲልፈር በመጀመሪያ ቡድኑ ተንገዳግዶ፣ በኋላ በባልቲሞር ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ኢንዲያናፖሊስም በነበረው ኳርተርባክ በቀጣዩ ዓመት ሱፐር ቦውል ለመድረስ አንድ ጨዋታ ቀርቶት ነበር። ሁለቱም ትንሽ ልክ፣ ሁለቱም ትንሽ ስህተት ነበሩ። ልዩነቱ ቡድኑ ስህተቱን በሜዳ መክፈሉ ነው፤ ተንታኙ ግን በክርክሩ ይበልጥ ዝነኛ ሆነ።

የግምት ገበያ ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው። የተንታኞችን ውጤት ቁጭ ብለው የሚመዘግቡ ሰዎች አሉ፤ ተመልካች ግን ወደ መዝገቡ አይሄድም። የሚሄደው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሳያመነታ ወደሚናገረው ነው። "ከመቶ ስልሳ ይሆናል" የሚል ሰው ስቱዲዮ ውስጥ አሰልቺ ነው። "አለቀ፣ ደቀቀ፣ እሱ ነው" የሚለው ይጋበዛል። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ይባላል፤ የዚህኛው ግን ማወቅም አይጠበቅበትም፤ የተከፈለው ለማወቁ ሳይሆን ለእርግጠኝነቱ ነው።

ዜና የሚከታተል ሰው ይህን ጠባይ ከስፖርት ውጭም ያውቀዋል። ጦርነቱ በሦስት ወር ያልቃል ያለው፣ ምርጫውን እገሌ ያሸንፋል ያለው፣ ዶላር ይወርዳል ያለው ሰው ዛሬም ያንኑ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለሚቀጥለው ዓመት ያብራራል። መድኃኒቱ ግምትን መከልከል አይደለም፤ ሰው ያለ ግምት አይዘራም፣ አይነግድም። መድኃኒቱ ብልህ ቡድኖች የሚያደርጉት ነው፦ አንዱን አውቃለሁ ብሎ ሁሉን ከመስጠት ይልቅ ብዙ ዕድል መሰብሰብ፣ የተናገሩትን መመዝገብ፣ መዝገቡን መልሶ ማየት።

የሚቀጥለው ተንታኝ ስለ ነገ ሲምል አንድ ጥያቄ ይበቃል። "ባለፈው ዓመት ምን ብለህ ነበር?"