ላሊበላን ለመውረድ የሚበቃ ጉልበት

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የአዲስ አበባ ሰው በአየሩ ብዙም አይቸገርም። የሚያስቸግረው መውረዱ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ከአለት ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸውና ቤተ ጊዮርጊስን ለመሳለም 12 ሜትር ያህል መውረድ ግድ ነው። መንገዱ ተዳፋት ነው፤ አለቱ አንዱ ጋ ከፍ፣ ሌላው ጋ ዝቅ ይላል፣ በዘመናት እግር ብዛትም ለስልሷል። አብዛኛው ቦታ ላይ የእጅ መደገፊያ የለም። ደጁ ላይ ደግሞ ጫማ ይወልቃል።

የሄድኩት ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እትዬ 72 ዓመቷ ነው። ስለት ነበረባት፤ ነገር ግን ከበርጩማ ስትነሳ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተጭና ነበር። በነርስነት ዘመኔ በዳሌ ስብራት ተኝተው ያስታመምኳቸው እናቶች ብዙዎቹ ከመውደቃቸው በፊት አነሳሳቸው እንዲሁ ነበር።

"በየቀኑ ገበያ በእግሬ እሄድ የለም እንዴ? ምን ጎደለኝ?" አለችኝ። በእግር መሄድ ለልብም ለደም ግፊትም መልካም ነው፤ ለመውረድ ግን ብቻውን አይበቃም። ስንወርድ የፊተኛው የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ቀስ አድርጎ ያወርዳል፣ ባልዲ በገመድ ወደ ጉድጓድ እንደሚያወርድ ሰው። የያዘው እጅ ከደከመ ባልዲው ያመልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንንና የጡንቻ ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ የሚመክረውም መውደቅን ለመከላከል ነው።

ከጉዟችን አራት ወር በፊት ጀመርን። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈን፣ መጀመሪያ ትራስ ጨምረንበት፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ትነሳለች፤ ስትቀመጥ እስከ አራት እየቆጠረች ነው። ዋናው ጥቅም ያለው እዚያ ዝግ ብሎ መቀመጡ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን አምስት ጊዜ ሠርታ ሰደበችኝ። ትራሱን ያነሳነው በሁለተኛው ወር ነው። ቡና እስኪፈላ ጠረጴዛ ይዛ ተረከዟን ታነሳለች፣ በአንድ እግሯም ትቆማለች። በመጨረሻ የደጃፋችንን አንዷን ደረጃ መውረድና መውጣት ጨመርን። ደረቱን የሚወጋው ወይም የሚያዞረው ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

(ስግደት የማያስታጉሉ አረጋውያን ከወለል ሲነሱ ቀላል እንደሆኑ ብዙ ጊዜ ታዝቤአለሁ። እነሱ እኔን አይፈልጉኝም።)

ቤተ ጊዮርጊስን እትዬ በመቋሚያዋ ወረደች፤ እኔ ክንዷን ሳልይዝ ከፊቷ ሆንኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ቆመች፣ ነጠላዋን ለማስተካከል። የፈራሁት ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደውን ጨለማ ዋሻ ነበር። ዓይን ካላየ ሚዛንን የሚጠብቁት የጆሮ ውስጠኛው ክፍል፣ የእግር መዳፍና ቁርጭምጭሚት ናቸው፤ እነሱም በዕድሜ ይደነዝዛሉ። እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ እግሯን እየዳበሰች ሄደች። የሚመራን ልጅ "እማማ፣ ደርሰናል" ሲላት "አውቃለሁ፣ ብርሃኑ ታየኝ" አለችው።

በማግስቱ ወደ አሸተን ማርያም በበቅሎ ወጣን። ያ አቀበት የወጣቶች ነው፤ ስንመለስ ግን ቁልቁለቱን እትዬ ከበቅሎዋ ወርዳ ግማሹን በእግሯ ተጓዘችው፣ በቅሎዋ ታስፈራለች ብላ።