ከስልክ ወደ ስልክ የሚሄድ ቃል

ቃልን ለሩቅ ዘመድ ማድረስ በቀድሞ ዘመን የታማኝ ሰው ሥራ ነበር። ላኪው መልእክተኛውን ከመስደዱ በፊት ቃሉን አስደግሞ ይሰማው ነበር፤ መልእክተኛውም የተቀበለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለማድረስ ይጠነቀቅ ነበር። ዛሬ መልእክተኛው የእጅ ስልክ ሆኗል። ፍጥነቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ይህ መልእክተኛ የተሰጠውን ቃል እንዳለ ያደርስ እንደ ሆነ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። ከዳባት ከተማ ወጣ ባለች ደብር የሚያገለግሉ አንድ መሪጌታ ነገሩን የተረዱት ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት የጥር ሌሊት ባገኛቸው ኀዘን ነው።

እኒህ መሪጌታ አቋቋምን በጐንደር በአታ የተማሩ፥ ቅኔም የሚያስቆጥሩ መምህር ናቸው። በየዓመቱ ለጥምቀት ወደ ጐንደር ሲወርዱ የሚያርፉት በታላቅ እኅታቸው ቤት ነበር። በዚያም ዓመት መምጣታቸውን አስቀድመው ሊነግሯት ደጋግመው ቢደውሉ የእኅታቸው ስልክ አልመልስ አለ። ስለዚህ በጐንደር የሚኖረውን የእኅታቸውን ልጅ ለመጠየቅ አሰቡ። በዚያ በደጋው አገር ድምፅ እየተቆራረጠ ስለሚያስቸግር ጥያቄውን በአጭር መልእክት መላክ መረጡ። የእርሳቸው ስልክ ግን አሮጌ፥ ባለ ቁልፍ፥ የላቲን ፊደል እንጂ የአገር ፊደል የሌለው ነበር። ላቲኑን የሚያውቀው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቶ የነበረ አንድ ደቀ መዝሙራቸው ነው። በዚህ ምክንያት ዕድሜያቸውን ሁሉ በፊደል የኖሩት ሊቅ በገዛ ቋንቋቸው አንዲት ቃል ለመላክ የልጅ እጅ ይጠብቁ ነበር።

የእኅታቸው ልጅ ስልክ አዲስና ዘመናዊ ነበርና በአማርኛ ፊደል፥ አክብሮት ባለው አነጋገር፥ ረዘም ያለ መልስ ጻፈ። መልሱ ግን ዳባት ሲደርስ ፊደል ሆኖ አልታየም። ደቀ መዝሙሩ ስልኩን ወደ ብርሃን እያዞረ፥ «የኔታ፥ በሰልፍ የቆሙ ባዶ ሣጥኖች ብቻ ናቸው» አለ። መሪጌታውም፥ «አልተነበበም፥ በላቲን ይጻፍ፤ እትዬ ስልኳን ለምን አታነሣም ብለህ ጠይቅልኝ» ብለው አዘዙት። ጥቂት ቆይቶ መልሱ መጣ። ከሦስት ቃላት አይበልጥም ነበር። ልጁ አንድ ጊዜ በልቡ አነበበው፤ ፊቱም ተለወጠ። «ምንድር ነው?» ቢሉት ቀስ ብሎ፥ «እማዬ ሞታ ነው፥ ይላል» አለ።

በአገሩ ልማድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተመካክሮ፥ ጎሕ ሲቀድ ወደ ኀዘንተኛው ቤት ሄዶ፥ የሚይዝና የሚያጽናና ሰው በአጠገቡ መኖሩን አይቶ ነው ክፉውን ወሬ የሚያሰማው። ስለዚህ በዚያች ሌሊት መሪጌታውን ሁለት ነገር አቃጠላቸው፤ አንዱ የእኅታቸው ሞት፥ ሁለተኛው የልጁ ድፍረት። እናቱ የሞተችበት ልጅ ለአጎቱ ሦስት ቃል ብቻ መላኩ ከሞቱ ያላነሰ አሳዘናቸው። ጎረቤትም ለቅሶውን ሰምቶ መጣ፤ አብሮም አደረ። ሲነጋ መሪጌታው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አውቶቡስ ተሳፈሩ። የወገራን ሜዳና አምባ ጊዮርጊስን አልፈው እስከ ጐንደር ድረስ በልባቸው ያሰናዱት ቃል የተግሣጽ ብቻ አልነበረም፤ ከልጁ ጋር ያላቸውን ዝምድና የሚቈርጥ ቃል ነበር።

ከእኅታቸው ደጅ ሲደርሱ ድንኳን አልተተከለም፤ የሚያለቅስም የለም። ልጁ ሮጦ ወጥቶ ጕልበታቸውን ሳመና፥ «ጋሼ፥ እንኳን ደኅና መጡ፤ ምነው ነጠላዎን አዘቀዘቁ? ማን ሞተ?» አላቸው። እርሳቸውም፥ «መርዶ በስልክ ልከህ ማን ሞተ ትለኛለህን?» አሉት። ልጁ ደንግጦ ስልኩን አወጣና መጀመሪያ የጻፈውን አሳያቸው። እናቱ ለልጅ ክርስትና ወደ ሞጣ መሄዷን፥ በዚያ መብራት ስለ ጠፋ ስልኳ መዘጋቱን፥ ለበዓሉ ግን እንደምትደርስ፥ እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው መጥተው እንዲያርፉ በጥሩ አማርኛ ጽፎት ነበር። ሁለተኛውን መልስ ደግሞ መንገድ ላይ ሆኖ በችኮላ ነበር የጻፈው፤ «እማዬ ሞጣ ነው»። በላቲን ፊደል «ጣ»ም «ታ»ም በአንድ ምልክት ስለሚጻፉ የጐጃሟ ከተማ ሞጣ በዳባት ሞት ሆነች።

መሪጌታው ባሉበት ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «ጥፋቱ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጁ የሚተዳደረው በኮምፒውተር ሥራ ነበርና ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ አስረዳቸው።

ስልክ ፊደልን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነው። ላኪው ፊደል ሲጽፍ የሚሄደው ቁጥር ነው፤ ተቀባዩ ስልክም ቁጥሩን አይቶ በውስጡ ከተከማቸው የፊደል መልክ ተስማሚውን ያወጣል። እንግዲህ ሠሪዎቻቸው የተለያዩ ሁለት ስልኮች የሚግባቡት ለአንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ለመስጠት ከተስማሙ ብቻ ነው። አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ በተጀመረበት ዘመን ይህ ስምምነት አልነበረም፤ በአንዱ ሠሪ ፊደል የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። በኋላ ግን ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 በወጣው 3ኛ እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። በዚህ መዝገብ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። «ሠ» 4640፥ «ሰ» ደግሞ 4656 ስለ ሆኑ ሊቃውንት የሚጠነቀቁለት የሁለቱ ልዩነት በዚያም ተጠብቋል። «ታ» 4723፥ «ጣ» 4899 ነው። የሞጣ «ጣ» በራሱ ቁጥር ቢጓዝና ተቀባዩ ስልክ ቢያውቀው ኖሮ ማንም ባላለቀሰ ነበር።

መሪጌታው ይህን ሲሰሙ የድጓው ምልክት ትዝ አላቸው። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ሠሩት የሚባለው የዜማ ምልክት በቃሉ ላይ የተቀመጠ ጥቂት ቀለም ነው፤ ስምምነቱን ለተማረ ሰው ግን ሙሉ ዜማ ይሆናል፥ ላልተማረ ጭረት ብቻ ነው። «ርክርክና ድፋትስ ቁጥር አላቸውን?» ብለው ጠየቁ። አላቸው፤ በ1997 ዓ.ም. በወጣው የዩኒኮድ 4.1 እትም ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋትና ቅናት የሚገኙባቸው 10 የዜማ ምልክቶች ገብተዋል። ይሁን እንጂ ቁጥር ማግኘት ብቻውን አይበቃም። ስልኩ በውስጡ የፊደሉ መልክ ከሌለው ቁጥሩን ቢቀበልም የሚያሳየው ባዶ ሣጥን ነው። በዳባት የታየው ሣጥን እንግዲህ የጠፋ ቃል አልነበረም፤ የደረሰ ነገር ግን መልክ ያጣ ቃል ነበር።

ሰው ለምን በላቲን መጻፍ ለመደ ቢባል፥ አንደኛው ምክንያት ይኸው ሣጥን ሲሆን ሁለተኛው የቦታ ጥበት ነው። የመጀመሪያው አጭር መልእክት በእንግሊዝ አገር የተላከው ኅዳር 24 ቀን 1985 ዓ.ም.፥ በካህናተ ሰማይ በዓል ዕለት ነበር፤ ቃሉም የገና የመልካም ምኞት ነበር። ሥርዐቱን ያቆሙት ሰዎች ለአንድ መልእክት የመደቡለት ቦታ 1120 የዜሮና የአንድ ምልክቶችን ብቻ የሚይዝ ነው። ለአንድ የላቲን ፊደል 7 ምልክት ስለሚበቃው 160 ፊደል ይገባል። ነገር ግን በ7 ምልክት መለየት የሚቻለው 128 ፊደል ብቻ ነው፤ የግዕዝ 26 ፊደላት በ7 ሲባዙ ደግሞ 182 ይሆናሉና ከዚያ አይገቡም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደላችን 16 ምልክት ይሰጠዋል፤ አንዱ መልእክትም 70 ፊደል ብቻ ይይዛል። ከዚህ ካለፈ ይከፈላል፥ ሂሳቡም በየክፍሉ ይቈጠራል።

ዳሩ ግን ይህ ጥበት እንደሚታሰበው አይደለም፤ አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛልና። ልጁ ለአጎቱ፥ «እማዬ ደኅና ናት። ሞጣ ከተማ ናት። እሑድ ትመጣለች።» ብሎ በፊደል ቢጽፍ ባዶ ቦታውና ነጥቡ ተቈጥሮ 33 ብቻ ይሆናል፤ ያው ቃል በላቲን 50 ያህል ይፈጃል። ሁለቱም በአንድ መልእክት ያልቃሉ። እንግዲህ ፊደሉን በመተው የተረፈ ገንዘብ አልነበረም፤ የጠፋው ግን የአንድ ሌሊት ሰላም ነው።

ከአጭር መልእክት ሌላ የስልክ ሠሪዎች የራሳቸውን መንገድ ከፍተዋል። አይፎን የያዙ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጻጻፉበት አይሜሴጅ ለሌላ ስልክ አይደርስም፤ አይፎኑን ትቶ ሌላ ስልክ የሚይዝም ሰው ይህን አገልግሎት አስቀድሞ ካልዘጋ ወዳጆቹ የሚልኩለት ቃል በቀድሞው መንገድ ሄዶ ሊቀርበት ይችላል። አርሲኤስ የተባለውን አዲስ የጋራ ሥርዐት አይፎን በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተቀብሏል፤ ነገር ግን በየአገሩ የስልክ አገልግሎት የሚሰጠው ድርጅት ካልፈቀደው አይሠራም። ብዙ ሰው ችግሩን የሚያልፈው በቴሌግራም ነው፤ ይህም ለሁለቱም ወገን ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ይህ መንገድ ሁሉ ተዘግቶ፥ ለዘመድ ጠያቂ የቀረለት ኔትዎርክ ባለበት ስፍራ ድምፅና ያ የተናቀ አጭር መልእክት ነበር። ስለዚህ የደጋው ሰው ስልክ ፊደልን ማንበብ መቻሉ ትንሽ ነገር አይደለም።

በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተጻፈ የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የኤፍሬምን ሰዎች በአንዲት ቃል ይለዩ ነበር፤ «ሺቦሌት» ማለት ተስኖት «ሲቦሌት» ያለው ሁሉ ሞተ፥ የወደቁትም 42000 ነበሩ። መሪጌታው ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻቸው ሲተረጕሙ ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ የአንድ ፊደል መሳት ሕይወትና ሞትን እንደሚለይ ግን በራሳቸው ቤት እስኪያዩት ድረስ የሩቅ ዘመን ነገር ይመስላቸው ነበር። በእርግጥ የአገሩም ፊደል ፍጹም አይደለም፤ «ገና» ሲላላ «ገና ነው» የሚባለው፥ ሲጠብቅ የልደት በዓል መሆኑን ፊደሉ አይለይም። ሆኖም «ጠ»ን ከ«ተ»፥ «ጸ»ን ከ«ሰ»፥ «ቀ»ን ከ«ከ» ይለያል፤ አባቶች የለዩትን ለችኮላ ብሎ ማደባለቅ አይገባም።

እኅታቸው በከተራው ዋዜማ ከሞጣ ተመለሱ። የሆነውን ሁሉ ሲሰሙ ጥቂት ዝም ብለው፥ «ሳልሞት የሚያለቅስልኝን ዐወቅሁ፤ ዳባት ላለቀሱልኝ ሁሉ ጠላ ይጠመቅ» አሉ። ልጁም ለአጎቱ ፊደል የሚያሳይ ስልክ ገዛላቸው፤ ከመስጠቱ በፊት «ጣ»ንና «ታ»ን ከራሱ ስልክ ልኮ በዐይኑ አየ፤ የመልእክቱ ቅንብር ለላቲን ብቻ እንዳልተወሰነም መረመረ። ሦስት ነገርም ተስማሙ፤ በፊደል መጻፍ፥ ቃሉ ከ70 እንዳያልፍ ማሳጠር፥ መርዶን ግን ከቶ በጽሑፍ አለመላክ። መሪጌታው አራተኛ ጨመሩበት። ሕይወትን፥ ሞትንና መንገድን የሚነካ መልእክት ሲደርሳቸው ቃሉን ለላኪው መልሰው ይጽፉለታል፤ «እንዲህ ማለትህ ነውን?» ይሉታል፤ ላኪውም «አዎን» እስኪል ድረስ ነጠላቸውን አያዘቀዝቁም።